ኢታኒየምና ኦፕተሮን፤ የሁለት ፕሮሰሰሮች ታሪክ

በትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክፍል፥ ከመስኮቱ ሥር በስተግራ ማዕዘን፥ አንድ ጥቁር የብረት ሣጥን ለብዙ ዘመን ተቀምጦ ኖሮአል። አንድ ድርጅት አሮጌ ዕቃውን በአዲስ ሲለውጥ ለትምህርት ቤቱ የሰጠው ሰርቨር ነው። የተማሪዎችን ማርክ ይመዘግብ፥ የቤተ መጻሕፍቱንም ዝርዝር ይይዝ ነበር። ጩኸቱ ከእህል ወፍጮ ስለማያንስ ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች «ወፍጮው» ብለው ስም አወጡለት፤ እኛም በዚሁ ስም ስንጠራው ቈየን። ባለፈው ዓመት ሥራውን ጨርሶ ሲገለል መምህራችን ከፍተን እንድናየው ፈቀዱልን። አቧራውን አራግፈን፥ ትልልቆቹን የብረት ማቀዝቀዣዎች ፈትተን፥ ግራጫውን ቅባት በጨርቅ ከጠረግን በኋላ በሁለቱ ፕሮሰሰሮች ጀርባ ላይ «ኦፕተሮን» የሚል ጽሕፈት አገኘን።

መምህራችንም «ይህ በሚሸጥበት ዘመን በስምም በዋጋም የሚበልጠው ኢታኒየም የሚባል ሌላ ፕሮሰሰር ነበረ። ገዢዎቹ ያን ትተው ይህን የመረጡት ለምን ይመስላችኋል?» ሲሉ ጠየቁን። ከመካከላችን አንዱ «ርካሽ ስለ ሆነ ነዋ!» አለ። መምህራችን ፈገግ ብለው «ርካሽማ ሌላም ሞልቶ ነበር» አሉና ወጡ። ይህ ጽሑፍ ያን ጥያቄ ይዘን ብዙ ቀን ከመረመርን በኋላ ያገኘነው መልስ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልን እንለምናለን።

ይህን መጽሐፍ ወላጆቻችንም ስለሚያነቡት በመጀመሪያ ስለ ስሞቹ ጥቂት ቃል እንናገር። ሰርቨር ማለት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ለአንድ ሰው የሚሠራ ኮምፒዩተር ሳይሆን፥ በአንድ ክፍል ተቀምጦ ለብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚያገለግል ነው። ባንክ ሒሳብ ሲያወራርድ፥ አየር መንገድ ቲኬት ሲቈርጥ ከጀርባ ሆኖ የሚሠራው እርሱ ነው። ፕሮሰሰር ደግሞ በውስጡ ያለው፥ ትእዛዝ እየተቀበለ ስሌቱን የሚፈጽመው ክፍል ነው። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የሚያውቃቸው የትእዛዝ ዓይነቶች የተወሰኑ ናቸው፤ እነዚህንም እንደ ቋንቋ ልንቈጥራቸው እንችላለን። በአንዱ ቋንቋ የተጻፈውን ፕሮግራም ሌላ ቋንቋ የሚያውቅ ፕሮሰሰር አያነበውም። የምንተርከው ታሪክ ሁሉ ከዚህ ከቋንቋ ነገር የተነሣ ነው።

ፕሮሰሰሮቹን የሠሩት ሁለቱ ኩባንያዎች የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ሮበርት ኖይስና ጎርደን ሙር በካሊፎርኒያ ፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተር ከሚባል ኩባንያ ወጥተው በ1968 ኢንቴልን አቋቋሙ። በተከታዩ ዓመት በ1969 ደግሞ ጄሪ ሳንደርስ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ከዚያው ኩባንያ ወጥተው ኤኤምዲን መሠረቱ። ኢንቴል በ1978 ዓመት 8086 የተባለውን ፕሮሰሰር አወጣ፤ አይቢኤምም በ1981 ላወጣው የግል ኮምፒዩተር የዚሁ ቤተሰብ የሆነውን 8088 መረጠ። ነገር ግን አይቢኤም ይህን ያህል አስፈላጊ ዕቃ ከአንድ ሻጭ ብቻ መግዛትን አልወደደም፤ ሁለተኛ አቅራቢ እንዲኖርም ጠየቀ። በዚህ ምክንያት በ1982 በተደረገ ውል ኤኤምዲ የኢንቴልን ፕሮሰሰሮች አስመስሎ ለመሥራት ፈቃድ አገኘ። ኋላ ኢንቴል 386 የተባለውን ለብቻዬ እሠራለሁ ባለ ጊዜ በሁለቱ መካከል ጠብ ተነሣ፤ ክርክሩም እስከ 1995 ድረስ ቈየ። ታናሹ ግን ቋንቋውን አንድ ጊዜ ተምሮት ነበርና ከዚያ ወዲያ ሊያስረሳው የቻለ የለም።

በ1985 የወጣው 386 ባለ 32 ቢት ፕሮሰሰር ነበረ። ሜሞሪን እንደ ከተማ ብናስበው፥ በከተማው ውስጥ ያለ ቤት ሁሉ ቍጥር ያስፈልገዋል፤ ቍጥር የሌለውን ቤት ፖስተኛው አያገኘውም። በ32 ቢት ሊጻፉ የሚችሉት የቤት ቍጥሮች 4,294,967,296 ናቸው፤ ይኸውም 4 ጊጋባይት ማለት ነው። በ1985 ይህ የሚያልቅ አይመስልም ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት ግን የትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ሰርቨሮች ከከተማው ዳር ደረሱ። በ1995 ኢንቴል መላው ኮምፒዩተር እስከ 64 ጊጋባይት እንዲይዝ የሚያደርግ ዘዴ ቢጨምርም፥ አንድ ፕሮግራም ለብቻው ከ4 ጊጋባይት ማለፍ አልቻለም። ስለዚህ ወደ 64 ቢት መሻገር ግድ ሆነ። በ64 ቢት የሚጻፉት የቤት ቍጥሮች 18,446,744,073,709,551,616 ናቸው። ይህን ቍጥር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈን በአማርኛ ለማንበብ ሞክረን ነበር፤ ሦስተኛው ተማሪ ከመካከል ጠፍቶበት ክፍሉ በሳቅ ተበተነ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነበር፤ አሮጌውን ቤት አፍርሶ በአዲስ መሠረት ላይ መሥራት ይሻላልን፥ ወይስ በአሮጌው ላይ ፎቅ መጨመር?

ኢንቴል አዲስ መሠረት መጣልን መረጠ። በ1994 ከሒውሌት ፓካርድ ኩባንያ ጋር በኅብረት እንደሚሠራ አስታወቀ። የሒውሌት ፓካርድ ሊቃውንት አንድ ፕሮሰሰር በአንድ ጊዜ ብዙ ትእዛዞችን ስለሚፈጽምበት መንገድ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲመራመሩ ቈይተው ነበር። ሐሳባቸውን በምሳሌ ብንገልጸው ይሻላል።

በሁለት ቤቶች ትልቅ የሠርግ ድግስ አለ እንበል። በአንደኛው ቤት ያለችው ባለሙያ ከዋዜማው ቁጭ ብላ ማን ሽንኩርት እንደሚከትፍ፥ ማን እሳት እንደሚያነድ፥ የትኛው ድስት ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚጣድ ሁሉን በወረቀት ትጽፋለች። በማግሥቱ ሠራተኞቹ አንዳች ሳያስቡ ወረቀቱን እየተከተሉ ይሠራሉ። በሁለተኛው ቤት ያለችው ግን በወረቀት አትመራም። በመካከል ቆማ ዓይኗን ከድስት ወደ ድስት እየላከች «ውሃው እስኪመጣ አንቺ ነጭ ሽንኩርት ላጪ፤ አንቺ ደግሞ ሌማቱን አቅርቢ» እያለች ታዛለች። በመጀመሪያው ቤት የሚታሰበው ነገር ሁሉ አስቀድሞ ስላለቀ በሥራው ሰዓት ለማሰብ የሚጠፋ ጊዜ የለም፤ በአዛዥዋ ፈንታም አንድ ተጨማሪ ሠራተኛ ማቆም ይቻላል። ውሃ የሚቀዳው ልጅ የዘገየ እንደ ሆነ ግን ቤቱ በሙሉ እጁን አጣጥፎ ይቆማል፤ ወረቀቱ የልጁን መዘግየት አያውቅምና።

ኢታኒየም የመጀመሪያው ቤት ነው። ወረቀቱን የሚጽፈው ኮምፓይለር ነው፤ ይህም ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ወደ ፕሮሰሰሩ ቋንቋ የሚተረጕም ሌላ ፕሮግራም ነው። ትእዛዞቹ ሦስት ሦስት እየሆኑ በ128 ቢት ጥቅል ይታሰራሉ። በእጅ ያለውን ቍጥር ለማስቀመጥ የሚያገለግሉት ሬጅስተሮች የተባሉ መያዣዎችም በአሮጌው ቤተሰብ 8 ብቻ ሲሆኑ፥ ለኢታኒየም 128 ለሙሉ ቍጥር፥ ሌላ 128 ደግሞ ለክፍልፋይ ቍጥር ተሰጡት። የሳይንስ ስሌት ቅደም ተከተሉ አስቀድሞ የሚታወቅ ስለ ሆነ ለእንዲህ ያለው ሥራ ይህ ሥርዓት ድንቅ ነበረ። ከሺህ ደንበኞች መካከል የአንዱን መዝገብ በሚፈልግ ፕሮግራም ግን ውሃ ቀጂው መቼ እንደሚደርስ በዋዜማው ሊያውቅ የሚችል የለም፤ ውሃ ብለን የመሰልነውም ከሜሞሪ የሚመጣውን ቍጥር ነው።

ከዚህም የሚብስ ነገር ነበረ። ኢታኒየም የሚናገረው አዲስ ቋንቋ ነው። ከ1978 ጀምሮ በአሮጌው ቋንቋ የተጻፉት ፕሮግራሞች ሁሉ እንደ ገና ሊተረጐሙለት ይገባ ነበር። ሠሪዎቹ ይህን ስላላጡት አሮጌውን ቋንቋ የሚያስተናግድ ክፍል በውስጡ አበጁለት፤ ነገር ግን አሮጌዎቹን ፕሮግራሞች በዚያ ክፍል የሚያስኬደው በዘመኑ ከነበሩት ተራ ፕሮሰሰሮች እጅግ ቀስ ብሎ ነበር።

ሆኖም ዓለም በሙሉ አመነው። ኢታኒየም ገና ሳይወለድ ሌሎችን ገደለ ብንል ማጋነን አይመስለንም። ዲጂታል የተባለው ኩባንያ በ1992 ያወጣው አልፋ የተባለ ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር በዘመኑ ከሁሉ ፈጣኖች አንዱ ነበረ። በ1998 ኮምፓክ ዲጂታልን ገዛ፤ በ2001 ደግሞ የአልፋን ሥራ አቁሞ ወደ ኢታኒየም እንደሚዞር ተናገረ። ሒውሌት ፓካርድም የገዛ ራሱን ፕሮሰሰር ለኢታኒየም ሲል ትቶአል። ሲሊከን ግራፊክስም እንዲሁ አደረገ። አይዲሲ የተባለው የገበያ መርማሪ ድርጅት በ1997 ሲተነብይ፥ የዚህ አዲስ ዘር ሰርቨሮች ሽያጭ በ2001 በዓመት 38 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል ብሎ ነበር። ለእኛ ከታሪኩ ሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን የአልፋ ነገር ነው። አልፋ በሩጫ ተሸንፎ አልወደቀም፤ ባለቤቶቹ ገና ያልሮጠውን ተወዳዳሪ ስም ሰምተው ከሜዳው አስወጡት።

በ1999 ኢታኒየም የሚለው ስም በይፋ ሲነገር ቀልደኞች ሰምጣ የቀረችውን መርከብ ታይታኒክን አስታውሰው «ኢታኒክ» ብለው ሰየሙት። ቀልዱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ከታሰበው ጊዜ ብዙ ዘግይቶ በ2001 አጋማሽ በ733 እና በ800 ሜጋኸርዝ ፍጥነት ሲወጣ፥ የተጠበቀውን ያህል አልሆነም። በ2002 የወጣው ኢታኒየም 2 ግን ሌላ ነበረ፤ እርሱን የሚያንቋሽሹ ሰዎች ወይ አላዩትም ወይ ለማየት አልፈለጉም እንላለን። በ2003 አጋማሽ ፍጥነቱ 1.5 ጊጋኸርዝ የደረሰው ዓይነት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ብቻ 6 ሜጋባይት የቅርብ ሜሞሪ ነበረው። ይህ የቅርብ ሜሞሪ በድግሱ ቤት በር ላይ እንደ ተቀመጠ የውሃ ጋን ነው፤ ጋኑ በሰፋ መጠን ውሃ ቀጂው ቢዘገይም ሥራው አይቆምም።

አሁን ወደ ታናሹ እንመለስ። በዚያው በ1999 ኤኤምዲ አሮጌውን ቋንቋ ሳይተው ወደ 64 ቢት እንደሚያሳድገው አስታወቀ፤ ዝርዝሩንም በ2000 ለሕዝብ አወጣ። በአዲሱ ሥርዓት ሬጅስተሮቹ ከ8 ወደ 16 ከፍ አሉ፤ የቤት ቍጥሩም ሰፋ፤ አሮጌው ፕሮግራም ግን አንዲት ፊደል ሳይለወጥበት በሙሉ ፍጥነት ይሠራል። ባለቤቱ ሲመቸው አንዱን ፕሮግራም ዛሬ፥ ሌላውን በሚመጣው ዓመት ወደ 64 ቢት ሊያሻግር ይችላል። ሐሳቡ ብልጭታ የሌለው ስለ ነበር ብዙ አድናቂ አላገኘም። በኤኤምዲ ቤት የአልፋ ደም መኖሩም ሊዘነጋ አይገባም፤ በዲጂታል በአልፋ ሥራ ላይ የነበሩት ደርክ ሜየር ወደ ኤኤምዲ ገብተው ከታላላቅ መሐንዲሶቹ አንዱ ሆነዋል፤ በ2008ም የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ለመሆን በቁ።

በድግሱ ምሳሌ ኦፕተሮን ሁለተኛው ቤት ነው፤ ሥራውን በሥራው ሰዓት እያየ የሚያዝ። ኦፕተሮን አፕሪል 22 ቀን 2003 ለሽያጭ ቀረበ። ከቋንቋው ሌላ አንድ ትልቅ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። እስከዚያ ድረስ በኢንቴል ሰርቨሮች ውስጥ ያሉት ፕሮሰሰሮች ሁሉ ወደ ሜሞሪ የሚሄዱት በአንድ የጋራ መንገድ ነበር። ኦፕተሮን ግን የሜሞሪውን በር በገዛ ራሱ ውስጥ አደረገው፤ ከጎረቤቱ ፕሮሰሰር ጋር የሚገናኝበትም ሌላ መንገድ ለብቻው ተሠራለት። ይህን በቍጥር እንመልከተው። የኢታኒየም 2 መንገድ በሰከንድ 6.4 ጊጋባይት ያሳልፍ ነበር፤ በመንገዱም እስከ አራት ፕሮሰሰሮች ይጋፉበታል። የአንዱ ኦፕተሮን መንገድ 5.3 ጊጋባይት ብቻ ነበረ። አንዱን ከአንዱ ቢያወዳድሩ ኢታኒየም ይበልጣል። አራት ኦፕተሮን በአንድ ሰርቨር ሲገቡ ግን እያንዳንዱ የራሱን መንገድ ይዞ ስለሚመጣ ድምሩ ከ21 ጊጋባይት ያልፋል፤ አራቱ ኢታኒየም ያንኑ 6.4 ይከፋፈላሉ። ይህን ሒሳብ ስንሠራ የምሳ ሰዓት የውሃ ሰልፋችን ትዝ አለን፤ ቧንቧው አንድ ሲሆን የተማሪው መብዛት የሚጨምረው ሰልፉን ብቻ ነው።

ወደ ፍጥነትና ዋጋ እንምጣ። በ1988 የተመሠረተው ስፔክ የተባለ የኩባንያዎች ማኅበር ለፕሮሰሰሮች አንድ ዓይነት ፈተና ያወጣል፤ በዘመኑ የነበረው ፈተና በሙሉ ቍጥርና በክፍልፋይ ቍጥር ሥራ ለየብቻው ማርክ ይሰጥ ነበር። በ2003 ባለ 1.5 ጊጋኸርዙ ኢታኒየም 2 በክፍልፋይ ሒሳብ ከ2000 በላይ አገኘ፤ 1.8 ጊጋኸርዝ የነበረው ኦፕተሮን 244 ደግሞ 1200 ገደማ። በሙሉ ቍጥር ሥራ ኢታኒየም ከ1300 በላይ፥ ኦፕተሮን 1100 ገደማ ነበሩ። እንግዲህ በፈተናው አንደኛ የወጣው ማን እንደ ሆነ አያከራክርም። በሳይንስ ስሌት ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ መዝገብ በማገላበጥ ሥራ ግን ጠባብ ነው፤ አብዛኞቹም ሰርቨሮች የሚውሉት መዝገብ ሲያገላብጡ ነው።

ዋጋውስ? በጅምላ ሲገዛ የኢታኒየሙ ዋጋ 4,226 ዶላር ሲሆን የኦፕተሮን 244 ዋጋ 794 ዶላር ነበረ። ማርኩን ለዋጋው ስናካፍል፥ ኢታኒየም በክፍልፋይ ሒሳብ ለአንድ ዶላር ግማሽ ነጥብ ያህል፥ ኦፕተሮን አንድ ተኩል ነጥብ ያህል ይሰጣል። ኢታኒየም እጅግ በሚበልጥበት ፈተና እንኳ ኦፕተሮን ለገንዘቡ ሦስት እጥፍ ሰጠ ማለት ነው። በሙሉ ቍጥር ሥራ ደግሞ ከአራት እጥፍ ያልፋል።

ይህ የዋጋ ልዩነት ከወዴት መጣ ብለን ስንፈልግ ያገኘነው መልስ አስደሰተን። ከላይ የተናገርነው ትልቁ የውሃ ጋን ቦታ ይይዛል። ባለ 6 ሜጋባይቱ ኢታኒየም 410 ሚሊዮን ትራንዚስተሮች ይዞ ስፋቱ 374 ካሬ ሚሊሜትር ነበረ፤ ኦፕተሮን ግን 106 ሚሊዮን ያህል ትራንዚስተሮች ይዞ 193 ካሬ ሚሊሜትር ብቻ ነው። ፕሮሰሰሮች የሚሠሩት በአንድ ክብ ዝርግ ሲሊከን ላይ ብዙ ሆነው ነውና፥ ከአንድ ሊጥ ትንንሽ ዳቦ የሚጋግር ሰው ብዙ ያወጣል፤ አንዲት ጠጠር ብትገባም የምታበላሽበት ትንሹን ዳቦ ነው። በዋዜማ የተጻፈው ወረቀት ውሃ ሲዘገይ ስለማያውቅ ትልቅ ጋን አስፈለገው፤ ትልቁም ጋን ዋጋውን አናረው።

ነገር ግን የፕሮሰሰሩ ዋጋ የገዢው ወጪ በሙሉ አይደለም። አንድ መካከለኛ ድርጅት የደመወዝ ፕሮግራም፥ የዕቃ ግምጃ ቤት ፕሮግራም፥ ምናልባትም ጸሐፊው ከለቀቀ ስንት ዓመት የሆነው የሒሳብ ፕሮግራም ይኖረዋል። ወደ ኢታኒየም ሲሻገር እነዚህን ሁሉ ማስተርጐም፥ መፈተን፥ የተሳሳተውን ማረም አለበት። ወደ ኦፕተሮን የሚሻገረው ዓርብ ማታ አሮጌውን ሣጥን ያጠፋል፤ ሰኞ ጧት በአዲሱ ላይ ያንኑ ፕሮግራም ያስነሣል። «ርካሽማ ሌላም ሞልቶ ነበር» ያሉን መምህራችን ይህን ማለታቸው እንደ ነበር የገባን እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጥኖ ሄደ። ሱዜ የተባለው የሊኑክስ ኩባንያ ለኦፕተሮን የሚሆነውን ሊኑክስ አዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። በዚያው በ2003 አይቢኤምና ሳን ከኦፕተሮን ጋር ተስማሙ። በ2004 መጀመሪያ ደግሞ ያልታሰበ ሆነ፤ የኢታኒየም አባት የነበረው ሒውሌት ፓካርድ ራሱ የኦፕተሮን ሰርቨሮችን እንደሚሸጥ አስታወቀ። በዚያው ወር በፌብሩዋሪ 2004 የኢንቴል ዋና ሥራ አስኪያጅ ክሬግ ባሬት ቀርበው፥ ኢንቴልም ዜኦን በተባሉት ፕሮሰሰሮቹ አሮጌውን ቋንቋ ወደ 64 ቢት እንደሚያሳድግ ተናገሩ። ያሳደገበትም መንገድ የኤኤምዲ ነበር። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የታላቁን ሥራ ለመገልበጥ ፈቃድ የለመነው ታናሹ ወንድም አሁን ታላቁ የእርሱን ደብተር ሲገለብጥ አየ። ማይክሮሶፍት በ2005 ለዚሁ ቋንቋ የሚሆነውን ዊንዶውስ አወጣ፤ በ2006 ደል የተባለው የኢንቴል የቅርብ ወዳጅ የኦፕተሮን ሰርቨር መሸጥ ጀመረ። በዚያ ዓመት የዚህ ቤተሰብ ሰርቨሮች ከሚይዙአቸው ፕሮሰሰሮች ሩብ ያህሉ የኤኤምዲ ነበሩ።

ኢታኒየም ግን በሠለጠነበት ሥራ ክብሩን አላጣም። የአሜሪካው የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት ናሳ በ2004 10,240 ኢታኒየም 2 ፕሮሰሰሮችን ይዞ የሠራው ኮሎምቢያ የተባለ ኮምፒዩተር በኖቬምበር ወር በወጣው ዝርዝር ከዓለም ሁለተኛ ሆኖ ነበር። በዚህ ነገር ከመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ሁለት የትምህርት ሰዓት ወሰደብን። አንዱ ጓደኛችን «አሮጌው ቋንቋ በ1978 ተሰፍቶ በየጊዜው የተጣፈ ካባ ነው፤ ገበያው ንጹሑን ጥሎ የተጣፈውን መረጠ» ይላል። ካባው የተጣፈ መሆኑን እኛም አንክድም። ነገር ግን አዲሱ ልብስ እስኪሰፋ ድረስ ብርዱን የሚችለው ማን ነው ብለን ስንጠይቀው መልስ አልሰጠንም። የኢንቴል ስሕተት የማሰብ ስሕተት አልነበረም፤ የሽግግሩን ወጪ በሌሎች ሰዎች ጫንቃ ላይ ጭኖ እንደሚሸከሙለት ማመኑ ነው።

ኦፕተሮንም ቢሆን እንደ ነገሠ አልቀረም። በ2006 ኢንቴል የተሻሉ ዜኦኖችን አወጣ። በ2007 የወጣው ባለ አራት ልቡ ኦፕተሮን ስሕተት ተገኝቶበት በብዛት መቅረቡ ወደ 2008 ተላለፈ፤ ገዢዎቹ አልጠበቁትም። በ2009 ኢንቴል ራሱ የሜሞሪውን በር በዜኦን ውስጥ ባስገባ ጊዜ የኦፕተሮን ትልቁ ብልጫ ጠፋ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጃጓር የተባለው የአሜሪካ ኮምፒዩተር በኦፕተሮን ከዓለም አንደኛ ሆነ፤ ለኦፕተሮን ግን የምሽት ፀሐይ ነበረች። በ2017 ኤኤምዲ ኤፒክ የተባሉትን ፕሮሰሰሮች ሲያወጣ የኦፕተሮን ስም ቀረ።

ኢታኒየም ይልቁን ሞቱ ረዘመ። በ2012 በፍርድ ቤት በተገለጸው ሰነድ እንደ ታየው፥ ሒውሌት ፓካርድ ኢንቴል ኢታኒየምን መሥራቱን እስከ 2017 ድረስ እንዳያቆም በጠቅላላው ወደ 690 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተዋውሎ ነበር። ሰነዱ የወጣው ኦራክል በ2011 ለኢታኒየም ፕሮግራም መጻፌን አቆማለሁ በማለቱ በተነሣው ክስ ነው፤ በ2016 ዳኞች ኦራክል ለሒውሌት ፓካርድ 3 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈረዱበት። የመጨረሻው ኢታኒየም በ2017 ወጣ፤ ኢንቴል ለገዢዎች መላኩን በ2021 አበቃ። ጃንዋሪ 2024 በወጣው የሊኑክስ ዕትም ውስጥ ለኢታኒየም የተጻፈው ክፍል ተሠርዞ ተገኘ።

«ወፍጮውን» መልሰን ከገጠምነው በኋላ በእርሱ ቦታ የተተካውን አዲሱን ሰርቨር ስናዘጋጅ እኛም እንድናግዝ ተፈቀደልን። አዲሱ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለበት ነው፤ የኩባንያው ስም በፊት ለፊቱ በሰማያዊ ተለጥፎአል። ሊኑክስ ልንጭንበት ከኢንተርኔት የምናወርደውን ፋይል ስንፈልግ፥ ለዚህ ለኢንቴል ፕሮሰሰር የሚሆነው ፋይል ስሙ «ኤኤምዲ64» ሆኖ አገኘነው። መምህራችን ከኋላችን ቆመው ነበር፤ ምንም አልተናገሩም። አውርደን ጫንነው።